ለላፕቶፕ ብዙ ገንዘብ መክፈል ይገባልን?

ባለፈው መስከረም ወር በሰበታ የሚኖሩ አንድ የማውቃቸው አባት ወደ ቤቴ መጡ። ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነበርና ደስታቸው ከፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ይሁን እንጂ ከደስታው ጋር አንድ ጭንቀትም ተከትሏቸው መጥቷል። ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳይጠብቁ ከደረት ኪሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። በወረቀቱ ላይ ልጁ በእጁ ጽሑፍ የአንድ ላፕቶፕ ስምና ዓይነት አስፍሯል፤ ከግርጌው የተጻፈው ዋጋ ስድስት አኃዝ ነበረው።

«መምህር» አሉኝ፤ «ልጁ ‹የሥነ ሕንፃ ትምህርት ያለዚህ ዕቃ አይሆንም› ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። እኔ ይህን ያህል ገንዘብ የማገኘው አንዲቱን ላም ሸጬ፣ የዕቁቡንም ዳኛ ቀድሞ ይድረሰኝ ብዬ ለምኜ ነው። ላሚቱን መሸጡስ አይከፋኝም፤ ነገር ግን ዕቃው በእርግጥ ያን ያህል ያወጣልን? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

እኔም ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም። ነገሩን ባሰብሁት ቁጥር ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አለመሆኑን ተረዳሁ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የሚገኙ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ሕንፃ በየቀኑ ይሠራል፤ ሕንፃ በሚሠራበትም ቦታ ሁሉ ንድፍ የሚነድፍ፣ ሒሳብ የሚያሰላ፣ ሥዕል የሚያሳምር ወጣት ይፈለጋል። ስለዚህ ብርቱ ኮምፒዩተር መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በብዙ ቤት ይነሳል። የእኔን አስተያየት በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ፤ አንባቢው የራሱን ሚዛን ይዞ ይከተለኝ።

በመጀመሪያ የምንነጋገርበት ዕቃ ምን እንደ ሆነ እንለይ። ኮምፒዩተር ሠሪዎች ላፕቶፖቻቸውን በየመደቡ ከፍለው ይሸጣሉ። አንደኛው መደብ ለቤትና ለተማሪ ተብሎ የሚሠራው ተራ ላፕቶፕ ነው። ሁለተኛው ለመሥሪያ ቤቶች ተብሎ የሚሠራው ጠንካራ ላፕቶፕ ነው። ሦስተኛውና ውዱ «ዎርክስቴሽን» ይባላል፤ የሌኖቮ «ቲንክፓድ ፒ»፣ የኤችፒ «ዜድቡክ» እንዲሁም ዴል ለብዙ ዓመታት «ፕሪሲዥን» እያለ ሲሸጠው የኖረው ዓይነት ከዚህ መደብ ናቸው። ስሙ የመጣው ከትልልቆቹ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. እንደ ተመሠረተው እንደ ሰን ማይክሮሲስተምስ ያሉ ድርጅቶች ለመሐንዲሶችና ለተመራማሪዎች የሚሠሯቸው ኃይለኛ ኮምፒዩተሮች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ዛሬ ያ ኃይል ተጨምቆ በቦርሳ ውስጥ ገብቷል፤ ክብደቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀረም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው «ቲንክፓድ ፒ-70» ቻርጀሩን ሳይጨምር ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ከሰበታ በዓለም ገና፣ በአየር ጤና አድርጎ በተጨናነቀ ታክሲ የሚመላለስ ተማሪ ይህን ቁጥር በትከሻው ያነበዋል።

እንግዲህ ገንዘቡ የሚከፈለው ለምንድን ነው? በአንድ በኩል ለንድፍና ለሦስት አቅጣጫ ሥዕል ለተሠራ ግራፊክስ ካርድ ነው። በሌላ በኩል ስሕተቱን ራሱ አግኝቶ ለሚያርም ማህደረ ትውስታ ነው። በኮምፒዩተር ትውስታ ውስጥ የተያዘ ቁጥር አልፎ አልፎ ያለ ማንም ንክኪ ይለወጣል፤ ዜሮው አንድ፣ አንዱም ዜሮ ይሆናል። ለደብዳቤ ጸሐፊ ይህ አንድ የተበላሸ ፊደል ሊሆን ይችላል፤ የምሰሶን ሸክም ለሚያሰላ መሐንዲስ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ስሙ ዎርክስቴሽን የሆነ ሁሉ ይህ ትውስታ አለው ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ለብቻው ታዝዞና ተከፍሎበት የሚገባ ነውና ሻጩ «አለው» ስላለ ብቻ ማመን አይገባም።

ከዚህም ሌላ የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር አለ። እንደ ኦቶዴስክ ያሉ የንድፍ ፕሮግራም አዘጋጆች ፕሮግራማቸውን በተወሰኑ ኮምፒዩተሮች ላይ ይፈትኑና «በዚህ ላይ በደኅና ይሠራል» ብለው ስሙን በዝርዝራቸው ያሰፍራሉ። ችግር ቢፈጠር መሐንዲሱ ይደውላል፤ ድርጅቱም «ኮምፒዩተርህ ነው ጥፋተኛው» ብሎ ሊያሰናብተው አይችልም። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ይህ መብት ፕሮግራሙን በገንዘቡ የገዛ ሰው መብት ነው። ከጓደኛው በፍላሽ ገልብጦ የጫነ ሰው ለማን ይደውላል? ለምስክር ወረቀቱ የከፈለው ገንዘብ ለእርሱ ምንም አልሠራለትም።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር አሳንሼ እንዳላቀርብ በቡራዩ የሚኖረውን የቀድሞ ተማሪዬን ነገር ልንገር። ይህ ሰው የሕንፃ መዋቅር ሒሳብ በማስላት የሚተዳደር ነው። መጀመሪያ የገዛው ተራ ላፕቶፕ ነበር። አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በሚያሰላበት ጊዜ ኮምፒዩተሩ እንደ ወፍጮ እየጮኸ፣ እንደ ምጣድም እየጋለ ለሰዓታት ያስጠብቀው ነበር። በሁለተኛው ዓመት የክዳኑ ማጠፊያ ከፕላስቲኩ ተነቅሎ ወጣ፤ በሦስተኛው ዓመት ሥራውን በሚያስረክብበት ዋዜማ ሌሊት ጨርሶ ጠፋ። ጠጋኝ ዘንድ ቢወስደው ትውስታው ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለ ነበር መለወጥ አልተቻለም። ከዚያ በኋላ ያገለገለ ዎርክስቴሽን ገዛ። የሦስት ሰዓቱ ሥራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማለቅ ጀመረ፤ ጭማሪውንም ዋጋ ከሁለት ሥራ ክፍያ ላይ መለሰ። «ጋሼ፣ ሰዓቴን ነው የገዛሁት» አለኝ። እኔም አልተከራከርሁትም። ሥራው በእጁ ነበረ፤ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበረ፤ የጎደለውም ኃይል ብቻ ነበረ። እንዲህ ላለው ሰው ጭማሪው ዋጋ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ የሰበታው ልጅ ያለበት ሁኔታ ይህ ነውን?

ልጁ ገና ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሥነ ልቡና የመሳሰሉት ናቸው። የትምህርት ክፍል የሚመደበውም ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዓመት ውጤት በኋላ ነው። እንግዲህ ላሚቱ የምትሸጠው ልጁ ገና ላልተመደበበት ትምህርት ነበር ማለት ነው። ቢመደብም እንኳ ዕቃው አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍ ከርሞ፣ ዋጋው ወርዶና አርጅቶ ለእውነተኛው ሥራ ይደርሳል። የአገራችን ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1954 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሲከፈት ንድፍ የሚነደፈው በሰፊ ጠረጴዛ ላይ፣ በረጅም ማስመሪያና በእርሳስ ነበር። ተማሪው ማስመሪያውንና እርሳሱን ይዞ ይመጣል፤ ትልቁን ጠረጴዛ ግን ከቤቱ ተሸክሞ አይመጣም ነበር። ዛሬ ጠረጴዛው ራሱ ኮምፒዩተር ሆነና የመግዛቱ ሸክም ቀስ በቀስ ወደ ቤተሰቡ ተሻገረ። ብርቱ ኮምፒዩተሮች በትምህርት ቤቱ የንድፍ ክፍል ውስጥ ቢኖሩና ተማሪው በተራው ቢሠራባቸው፣ አንድ አባት ላም ልሽጥ ወይስ አልሽጥ ብሎ ባልተጨነቀ ነበር። ይህ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በእኔ አስተያየት በእነዚህ ከተሞች ውስጥ ዎርክስቴሽንን የሚጥለው ዋጋው ብቻ ሳይሆን የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው። የተራ ላፕቶፕ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 45 ወይም 65 ዋት ነው። የ«ቲንክፓድ ፒ-50» ቻርጀር 170 ዋት፣ የ«ፒ-70» ደግሞ 230 ዋት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። መብራት በጠፋ ጊዜ ግን ምን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ ይታያል።

ተማሪዎች በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ እንደምትማሩት ባትሪ የያዘው ጉልበት በዋት-ሰዓት ይለካል። የ«ፒ-50» ትልቁ ባትሪ 90 ዋት-ሰዓት ነው። ኮምፒዩተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 120 ዋት ቢበላ ባትሪው የሚቆየው 45 ደቂቃ ብቻ ነው። ተራው ላፕቶፕ ግን ለጽሑፍ ሥራ 10 ዋት ያህል ቢበላ፣ 50 ዋት-ሰዓት የያዘ ትንሽ ባትሪ 5 ሰዓት ያሠራዋል። እርግጥ ነው፣ ዎርክስቴሽኑም ለጽሑፍ ብቻ ቢሠራበት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ነገር ግን ለጽሑፍ ብቻ የሚሠራበት ከሆነ ለምን ተገዛ?

አሁንም ስሌቱን አንድ እርምጃ እናራምደው። ብዙ ሰው ለክፉ ቀን ብሎ አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪና ኢንቨርተር ቤቱ ያስቀምጣል። ባትሪው 50 አምፔር-ሰዓት ቢሆን የያዘው 600 ዋት-ሰዓት ነው፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል 300 ዋት-ሰዓት ይቀረናል። 150 ዋት የሚበላ ኮምፒዩተር ይህን በ2 ሰዓት ይጨርሰዋል። 30 ዋት የሚበላ ግን 10 ሰዓት ይሠራበታል፤ ከማታው 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ድረስ መሆኑ ነው። ለመንደር ተማሪ የትኛው ኮምፒዩተር ብርቱ ነው? እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ፈተናው ነገ ሆኖ መብራት በጠፋበት ሌሊት በርቶ የሚያድረው ነው።

«ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የለምን? የመብራት ነገር ከእንግዲህ ያሳስባልን?» የሚል ይኖራል። ግድቡ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ ማመንጨት የሚችል ነው፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም ኃይልን ማመንጨትና ኃይልን እስከ ቤት ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመንደር ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም ምሰሶ ሲወድቅ፣ ግድቡ ምንም ያህል ቢሞላ መብራት ይጠፋል።

ሱሉልታን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ የሚወርደው መንገደኛ ሜዳ ላይ የደረሰ ይመስለዋል፤ ሜዳው ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሯጮች ሳንባቸውን ለማጠንከር ወደ ሱሉልታ የሚሄዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ኮምፒዩተር ግን ከስሱ አየር ምንም አያተርፍም። የኮምፒዩተር ማራገቢያ ሙቀትን የሚያስወጣው በአየር ስለ ሆነ፣ አየሩ በሳሳ ቁጥር የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። ሠሪዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ የቲንክፓድ መመሪያ መጽሐፍ እስከ 2,438 ሜትር ከፍታ ድረስ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት መሥራት እንደሚቻል ገልጾ፣ ከዚያ ከፍታ በላይ ግን ወሰኑን ወደ 31.3 ዲግሪ ያወርደዋል። በሱሉልታ የሜዳው ሙቀት ወደዚህ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና በዚያ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት በጠባብ የቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ፣ ፀሐይ ጣሪያውን ስትመታ፣ ውዱ ኮምፒዩተሩ ፍጥነቱን ራሱ እየቀነሰ እንደሚያንቀላፋ አሳይቶኛል። የጋለ ኮምፒዩተር እንዳይቃጠል ኃይሉን ይቀንሳልና፣ ወጣቱ ያልተጠቀመበትን ኃይል ገዝቷል ማለት ነው። በዚህ ላይ የመንደር አቧራ በማራገቢያው ክንፎች ላይ ሲጋገር ነገሩ ይብሳል።

ስለ ገንዘቡም ጥቂት ልናገር። «ፒ-50» በ2015 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በአሜሪካ መነሻ ዋጋው 1,599 ዶላር፣ የ«ፒ-70» ደግሞ 1,999 ዶላር ነበር። በዎርክስቴሽንና በተራ ላፕቶፕ መካከል ያለው ልዩነት 1,000 ዶላር ነው ብለን እናስብ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ስለ ነበር ልዩነቱ 57,000 ብር ያህል ይሆን ነበር። የዚያው ዓመት ጳጉሜን ሳትገባ 1 ዶላር ከ100 ብር አለፈ፤ ልዩነቱም ከ100,000 ብር በላይ ሆነ። ኮምፒዩተሩ በዚያ ወር ውስጥ አንዲት ዋት እንኳ ኃይል አልጨመረም።

አንዳንዱ ደግሞ «አዲሱ ቢወደድ ያገለገለውን እገዛለሁ» ይላል። ይህ ብልህነት ነው፤ ነገር ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን የነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ከዚህ የተነሣ ያ በ2015 እ.ኤ.አ. ስመ ጥር የነበረ ዎርክስቴሽን ዛሬ በመርካቶ በርካሽ ቢገኝ አያስገርምም። እንደ ኡቡንቱ ያለ ነፃ ሥርዓት ጭኖ ለሚሠራ ሰው መልካም ዕድል ነው፤ የንድፍ ፕሮግራሙ ግን በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ገዢው የታላቅ ሰው ካፖርት ለብሶ በረዶ ላይ እንደ ቆመ ሰው ነው፤ ካፖርቱ ያምራል፣ ጫማ ግን የለውም።

ታዲያ ምን ይገዛ? እኔ የመረጥሁት መካከለኛውን መደብ ነው፤ ይኸውም ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የሚሠራውን፣ እንደ «ቲንክፓድ ቲ»፣ «ላቲቲዩድ» እና «ኤሊትቡክ» ያለውን፣ ጥቂት ዓመት ያገለገለና ፕሮሰሰሩ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የሆነውን። በዎርክስቴሽን ውስጥ ከምወዳቸው ነገሮች አብዛኞቹ በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ማጠፊያው ጠንካራ ነው፤ የፊደል ገበታው ለረጅም ጽሑፍ ይመቻል፤ ሆዱ በተራ መፍቻ ይከፈታል፤ መለዋወጫውም በገበያው ላይ አለ። የሌለው ያ 170 ዋት የሚያስበላው ነገር ብቻ ነው። ነገር ግን በዚህ መደብም ቢሆን ትውስታቸው የተበየደ አሉና ሳይከፍቱ መግዛት አይገባም። የፕሮግራም አጻጻፍን መሠረታዊ ትምህርት ለሚማር፣ ለምሳሌ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለሚሳተፍ ሰውም ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ብርቱ ኃይል የሚያስፈልገው ሥራ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ በቅድሚያ ስለ ጠረጴዛ ኮምፒዩተር ያስብ እላለሁ። ለተመሳሳይ ኃይል ዋጋው ይቀንሳል፤ ሙቀቱም በሰፊ ሳጥን ውስጥ በቀላሉ ይወጣል። የቡራዩው ተማሪዬ በዚህ አይስማማም። «የግንባታው ቦታ ድረስ ተሸክሜው ካልሄድሁ ምኑን ኮምፒዩተር ሆነ!» ይላል። ለእርሱ እውነት ነው።

የሰበታውን አባትና ልጅ ይዤ መርካቶ ወረድሁ። ልጁ መንገዱን ሁሉ አኩርፎ ነበር፤ አባቱም ሊያባብሉት ሲሞክሩ ዝም ይላል። ሱቅ ውስጥ ግን ሻጩን መፍቻ ለምኜ ለልጁ ሰጠሁትና የመረጥነውን ላፕቶፕ ሆድ ራሱ እንዲከፍተው አደረግሁ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በወረቀት ላይ ደረደራቸው። ክዳኑ ሲነሣ አንደኛው የትውስታ ማስገቢያ ባዶ መሆኑን አየና «እዚህ ላይ ሌላ መጨመር ይቻላል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሻጩ «ይቻላል፤ ሲደርስ ናና እጨምርልሃለሁ» አለው። ልጁም «እኔው እጨምረዋለሁ» ብሎ መልሶ መዝጋት ጀመረ።

አባቱ ዋጋውን ከፍለው ሲወጡ ላሚቱ በበረቷ፣ ዕቁቡም በተራው ቀርቷል። ልጁ ግን እስካሁን ከእኔ ጋር አልተስማማም። ሥነ ሕንፃ ከተመደበና ሦስተኛ ዓመት ከደረሰ ዎርክስቴሽን ሳይገዛ እንደማይቀር በየጊዜው ያስታውሰኛል። እኔም ያን ጊዜ የሠራውን ንድፍ ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ ንድፉን አይተን እንከራከራለን።